ጉበታችሁ ስንት ወፍጮ አለው?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ወፍጮ ቤት ነው የምንሄደው። አዎ፣ ወፍጮ ቤት!

እኔ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ጤፉ በአህያ ይመጣል። ወረፋ አለ። ባለወፍጮው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል። ጆሮው አይሰማም፣ ስለዚህ ይጮኻል። እናንተም ትጮኻላችሁ። ጆንያችሁ ላይ ዶሮ ወጥታ ትጭራለች። ብቻ ጤፍ ካልተፈጨ እንጀራ የለም። ይቺን ያዙልኝ፤ ካልተፈጨ እንጀራ የለም።

ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻም እንደዚያው ነው። ስትውጡት ገና ጤፍ ነው። ጉበት ፈጭቶ ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው ሕመሙ ጋብ የሚለው። ፈጪው ሲ-ዋይ-ፒ-ቱ-ዲ-ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። (ስሙን አትሸምድዱ፤ እኔም ሦስቴ ተሳስቼ ነው የቀዳሁት።) አንዳንዱ ሰው የሚሠራ ጂን (ከእናት ከአባት የሚወረሰው የወፍጮው ንድፍ) የለውም፤ ወፍጮው ዝግ ነው። አንዳንዱ ትርፍ ቅጂ አለው፤ ሁለት ሦስት ወፍጮ እኩል ይፈጭለታል። ሞርፊኑ ባንዴ ይበዛል። እንቅልፍ ይጥላል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሳይንሱ ይኸው ነው፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። ስዊድኖች ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው።

ቆይ፣ «ደሜ ኦ ስለሆነ ክኒን አይዘኝም» የምትሉኝ አላችሁ። በየቪዲዮው ትሉኛላችሁ! የደም ዓይነት የሚፈለገው ደም ስትቀበሉ ነው። እዚህ የጆንያ ቀለም ማለት ነው። ጆንያው ነጭ ሆነ ቢጫ፣ ወፍጮው ምን ገዶት?

«እንግዲህ እኛ ፈጣን ከሆንን እጥፍ ልዋጥ?» ያለም አለ። ኧረ በስመአብ! አንደኛ፣ ከመቶው 71ዱ እንደዚያ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ወፍጮው የሚያጠፋው መድኃኒት አለ፤ ኮዴይንን ግን ወፍጮው ነው ኃይል የሚሰጠው። ፈጣን ሰው እጥፍ ሲውጥ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመምም ለሳልም እንዳይሰጥ የከለከለው በዚህ ጣጣ ነው። ለሕመም የሚታዘዘው ትራማዶልም አብሮ ተከልክሏል።

ሳትረሱ ሰብስክራይብ አድርጉ። የት ነበርኩ? አዎ፣ አክስቴ። ቢቸና ናት። ጥርሷን ተነቅላ የተረፋትን ክኒን ለልጅ ልጇ ልትሰጥ ስትል ደረስኩ። «ያው አንድ ደም አይደለን?» አለችኝ።

«እትዬ፣ የልጁ ግማሽ ወፍጮ ከአባቱ ወገን ነው የመጣው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እነሱስ ችኩሎች ናቸው» አለችና ክኒኑን መለሰችልኝ።