ነጋዴው እንዴት ገዢ ሆነ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሕንድን እንዴት ሊገዛ እንደቻለ ባለፈው ሳምንት ያቀረብነውን ዝግጅት ተከትሎ ብዙ አድማጮች ደውለዋል። መልሱን የሰጡን እንግዳችን የታሪክ መምህር ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ የደወሉ አባት፦ «ነጋዴ ሚዛን እንጂ መድፍ ምን ያደርግለታል? ጦር እንዲያቆም ማን ፈቀደለት?»

መልስ፦ አባቴ፣ የእኛም ሲራራ ነጋዴ ያለ ታጣቂ ረጅም መንገድ አይወጣም ነበር። ሽፍታ አለ፤ ቀረጥ የሚያበዛ ባላባት አለ። እንግሊዞቹም ሲጀምሩ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1600 የሰጠቻቸው ቻርተር፣ ማለትም የመብት ደብዳቤ፣ ከምሥራቅ ጋር የመነገድን መብት ለእነርሱ ብቻ ያደረገ ነበር። ከክርስቲያን ውጪ ባሉ ነገሥታት ላይ ጦር የመክፈትና ምሽግ የመሥራት ሥልጣን ደግሞ በ1661 ከዳግማዊ ቻርልስ አገኙ። ይሁን እንጂ የለንደን ወረቀት ዴልሂ ላይ ዋጋ አልነበረውም። በ1680ዎቹ ሕንድን ይገዛ ከነበረው ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ከአውራንግዜብ ጋር ጦር ገጥመው ተሸነፉ፤ ምሕረት ለምነው፣ 150 ሺህ ሩፒ ካሳ ከፍለው ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። በር የተከፈተላቸው አውራንግዜብ በ1707 ከሞተ በኋላ፣ የየአውራጃው ገዢ ለራሱ ማደር ሲጀምር ነው። የእኛን ዘመነ መሳፍንት ታሪክ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከአዳማ የደወሉ እህት፦ «ፕላሲ ላይ 3 ሺህ ሰው 50 ሺህ ጦር አሸነፈ የሚባለው እውነት ነው?»

መልስ፦ ቁጥሩ ለእውነት የቀረበ ነው፤ ጀግንነቱ ግን የለም። ምሥራቅ ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ ፕላሲ ላይ የተደረገው ጦርነት ሰኔ 1757 ከመካሄዱ በፊት አልቆለታል። የቤንጋሉ ናዋብ (ገዢ) የሲራጅ ኡድ ዳውላ የጦር አለቃ ሚር ጃፋር ዙፋኑ ለእርሱ እንዲሆን ከኩባንያው የጦር አዛዥ ከሮበርት ክላይቭ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ከጀርባው የአገሩ ትልልቅ አበዳሪዎች ነበሩ። በዕለቱ ጦሩን ይዞ ዳር ቆሞ ተመለከተ። ከክላይቭ ወታደሮችም ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሕንዶች ናቸው። ክላይቭ ለራሱ ብቻ ወደ 234 ሺህ ፓውንድ ተቀበለ።

ከባሕር ዳር የደወለ ተማሪ፦ «ታዲያ ኩባንያው መንግሥት ሆነ ማለት የሚቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙዎች ፕላሲን ይጠራሉ። እኔ ግን ኦገስት 12 ቀን 1765 እላለሁ። በዚያ ቀን፣ ከአንድ ዓመት በፊት ጦሩ ቡክሳር ላይ በኩባንያው የተሸነፈበት የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለኩባንያው ጻፈለት። ኩባንያው በምላሹ በዓመት 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ሩፒ ሊከፍለው ተስማማ።

ምን እንደተለወጠ ልብ በል። እስከዚያ ድረስ ሕንዶች ከእንግሊዝ የሚፈልጉት ዕቃ እምብዛም ስላልነበረ፣ ኩባንያው የቤንጋልን ጨርቅ ለመግዛት ብር በመርከብ እየጫነ ያመጣ ነበር። ከ1765 በኋላ ግን የአገሩ ሰው በገበረው ገንዘብ የዚያኑ አገር ሸማኔ ጨርቅ ገዛበት። ከገበሬው የተወሰደው ሩፒ ገበሬውን ለሚያስገብረው ወታደር ደመወዝ ሆነ። ወታደሩ ሌላ አገር ያቀናል፤ ያም አገር ይገብራል። መድፉ ሳይሆን ይህ ነው ነጋዴውን ጌታ ያደረገው።

በ1769 ዝናብ ጠፋ፤ በተከታዩ ዓመት ቤንጋል በረሃብ አለቀ። የኩባንያው አገረ ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ ራሱ በ1772 ለለንደን አለቆቹ ሲጽፍ፣ ከሕዝቡ ቢያንስ ሲሶው እንዳለቀ፣ የ1771 የተጣራ ግብር ግን ከረሃቡ በፊት ከነበረው ከ1768ቱ እንኳ እንደበለጠ ገልጿል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ክፉ ንጉሥ እንኳ ገባሩ ካለቀ መሬቱ ጦም እንደሚያድር ያስባል። የለንደኑ ባለአክሲዮን ግን ቤንጋልን በዓይኑ አላየም፤ የሚጠብቀው የዓመቱን የትርፍ ድርሻ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ የደወሉ አድማጭ፦ «ይህ ኩባንያ ወደ እኛ አገር መጥቶ ነበር? አሰብንስ የገዛው ኩባንያ አይደለም?»

መልስ፦ መጥቶ ነበር። በ1839 ኤደንን ያዘ፤ በ1841 ደግሞ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ ሸዋ ገብቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። አሰብ ሌላ ነው። በ1869 በጣልያኑ የሩባቲኖ መርከብ ድርጅት ስም በገንዘብ ተገዛች እንጂ ድርጅቱ ሠራዊት ይዞ ሕዝብ አላስገበረም። ከጀርባው የጣልያን መንግሥት ነበር፤ በ1882 ራሱ ተረከባት፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ አወጀ።

ከሐዋሳ የደወሉ እናት፦ «መጨረሻው ምን ሆነ?»

መልስ፦ ከ1857ቱ የሕንዶች ታላቅ አመፅ በኋላ፣ በ1858 የእንግሊዝ ዘውድ ሕንድን ከኩባንያው ወሰደ። ኩባንያው ንግዱን ካቆመ ያኔ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለአክሲዮኖቹ ግን እስከ 1874 ድረስ በዓመት አሥር ከግማሽ በመቶ ትርፍ ይከፈላቸው ነበር፤ የሚከፈለውም ከሕንድ ግብር ነው።