«ደህና ነኝ» ካልን በኋላ

የተከበራችሁ አዛዦች፣ ውድ የፖሊስ ሙያ ጓደኞቼ፣

አንድ ሌሊት ከፈረቃ ወጥቼ ቤቴ በር ላይ ደረስኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። እጄ ግን መሪውን አልለቅም አለ። የዚያን ዕለት የመኪና አደጋ ነበር። አስፋልት ላይ የቀረችውን አንዲት የሕፃን ጫማ አንስቼ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ክሯ እንደታሰረ ነበር። ቤት ብገባ የልጄ ጫማ በሩ ሥር እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። አልገባሁም። እዚያው ቁጭ ብዬ ነጋ።

በማግስቱ «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ «ደህና ነኝ» አልኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ሆድ ይፍጀው ብለን እንውጠዋለን። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል። በትንሹም በትልቁም ቤተሰብ ላይ እንጮሃለን። አንዳንዳችን መጠጥ እናበዛለን።

የደረሰልኝ አብሮኝ ተረኛ የነበረው ባልደረባዬ ነው። ሦስት ሳምንት ታዘበኝ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «ድሮ እኮ ወሬህ አያልቅም ነበር» አለኝና ዝም አለ። ምክር አልሰጠኝም፤ «ቆፍጠን በል» አላለኝም። ስለ ጫማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራሁት ለእሱ ነው። ሐኪም ዘንድም እሱ ነው ይዞኝ የሄደው።

የአቻ ድጋፍ የምንለው ይኸው ነው። ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣው ጭንቀት በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ ዛሬ በሚታወቅበት ስም የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ስም የሌለው ሸክም ተሸክመው ጡረታ ወጡ። በኒው ዮርክ በርካታ ፖሊሶች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖሊስ ፖሊስን በበጎ ፈቃድ የሚያዳምጥበት ድጋፍ ተጀመረ።

አዛዦቼ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ሰው የማይናገረው ስለማይፈልግ አይደለም። «መሣሪያዬን ይቀሙኛል፣ እድገቴ ይቀራል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ ሲሆን አይቷል። ስለዚህ አዳማጩ የተናጋሪው አለቃ መሆን የለበትም። ሪፖርት አይጽፍም። ምስጢሩ የሚወጣው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህም ወሬው ሳይጀመር በግልጽ ይነገር። አንዲት ቃል ሻይ ቤት ከተሰማች ሁለተኛ ማንም አይመጣም።

ከአደጋ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ አንዴ አናግሮ መበተን በቂ አይደለም። የአንድ ቀን ስብሰባ ሕመሙን እንደሚከላከል ጥናቶች አላሳዩም። እኔ በሦስተኛው ሳምንት የሚደወል ስልክ ይሻለኛል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ጓደኛችሁ ተስፋ የቆረጠ ከመሰላችሁ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። መሣሪያው ከአጠገቡ ይራቅ። ባለሙያ ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ፤ «ሂድ» ብላችሁ አትሸኙት። እኛ አዳማጮች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ የአዳማጮች መመዝገቢያ አለ። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ስም የዚያ ባልደረባዬ ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው።

አመሰግናለሁ።