አዲስ መርፌ ብቻውን አይበቃም

ውድ አድማጮቼ፣ ስለ ንቅሳት ንጽሕና በተነሣ ቁጥር የምሰማው መልስ «መርፌው አዲስ ነው» የሚል ነው። መልሱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ስለ ኤች አይ ቪ ስንማር ስለታም ነገሮችን በጋራ እንዳንጠቀም ደጋግመው ነግረውናል፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን የተነቀሱበት መርፌም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያልፍ ስለነበር ምክሩ ተገቢ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ጥንቃቄያችን መርፌው ላይ ደርሶ መቆሙ ነው።

ነቃሹ አዲሱን መርፌ ለቀደመው ደንበኛ በተቀዳ ቀለም ውስጥ ከነከረው መርፌውን መቀየሩ ምን ፋይዳ አለው? ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ በማሽኑ እጀታ ወይም በጠረጴዛው ላይ የቀረ፣ ለዓይን የማይታይ ደም እንኳ ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተቀድቶ ትርፉ መጣል አለበት፤ ማቅጠኛው ውሃም ከጀርም የጸዳ መሆን ይኖርበታል፤ ለመጠጥ የሚበቃ የቧንቧ ውሃ ከቆዳ ሥር ለሚገባ ነገር አይበቃምና። ስለ ቀለሙ ይዘትም ቢሆን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ገድቧል፤ እኛ ዘንድ የጠርሙሱን ጽሑፍ ልይ የሚል ደንበኛ ስንት ይሆን?

ጆሮ መበሳትን ደግሞ ከሕፃንነታችን ስለለመድነው አቅልለን እናየዋለን። ለስላሳው የጆሮ ጫፍ በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል ይድናል፤ ጠንካራው የላይኛው ክፍል ግን የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ወራት ይፈጃል፤ ቁስሉ ከመረቀዘ የጆሮውን ቅርጽ እስከማበላሸት ይደርሳል። በቤተሰቡ ውስጥ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥበት፣ ኬሎይድ የሚባለው ችግር ያለበት ሰው ከመበሳቱም ከመነቀሱም በፊት የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል፤ ይህ ችግር በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አድማጮቼ ምናልባት አልተከተባችሁም። ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዙር፣ በ6 ወር ውስጥ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደማችሁን አስመርምራችሁ ክትባቱን ብትጀምሩ እመርጣለሁ።