የሚሊኒየሟ ድመት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስል ከሚሊ ጋር ማለቴ ነው። ሚሊ ድመቴ ናት። አሁን አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። መሀል ላይ ኩርርር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የማይኩ ችግር አይደለም፣ እሷ ናት።

ሚሊ ባለፈው መስከረም 18 ዓመት ሞላት። 18 ዓመት የኖረች ድመት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከእሷ በፊት አላየሁም። ወይም አይቼ ይሆናል፣ ግን ዕድሜዋን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እኛ ሰፈር የድመት ዕድሜ ማን ይቆጥራል? ድመት ትመጣለች፣ አይጥ ትይዛለች፣ ትወልዳለች፣ አንድ ቀን ትጠፋለች። "ውሮ ጠፋች" ይባላል። ከዚያ ሌላ ትመጣለች። የእሷም ስም ውሮ ነው።

የሚሊን ዕድሜ የማውቀው በመጣችበት ጊዜ ምክንያት ነው። ጳጉሜን 1999 ዓ.ም ነበር። ያን ሰሞን ታስታውሳላችሁ፣ ከተማው በሙሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም ይላል። ዝናቡ ገና አላባራም። ሽሮ ሜዳ እናቴ ቤት ነን። ታናሽ እህቴ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ውስጡ መዳፍ የምታክል፣ በዝናብ የበሰበሰች ግልገል ድመት። እማዬ አየቻትና "ይህቺማ እስከ አዲሱ ዓመትም አትደርስ" አለች። ከዚያ ፎጣ አመጣች።

አዲሱ ዓመት ደረሰ፣ እሷም ደረሰች። ስሟ በዚያው ሚሊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየመስከረም አንድ ዕድሜዋን መቁጠር ቀላል ነው፣ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ ሁለት ሺህን መቀነስ ብቻ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች የድመትን ዕድሜ ወደ ሰው ሲመልሱ የመጀመሪያውን ዓመት 15 ይሉታል። ሁለት ዓመት ሲሞላት 24። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አራት አራት ይጨምራሉ። በዚህ ስሌት ሚሊ የ88 ዓመት አሮጊት ናት። አንዳንዴ አንቱ ማለት ያምረኛል።

እስኪ ስለ ሳንባው ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ የማስበው እሱን ነው።

እማዬ ጾም አጥባቂ ነበረች። በሁዳዴ ቤታችን ሥጋ የሚባል ነገር አይገባም፣ የሰፈሩ ሉካንዳም ዝግ ነው። ሚሊ በዚያ ወቅት ምን ትብላ? ሌላው ቤት ቢሆን ሽሮ በእንጀራ ይሰጣታል፣ አልበላም ካለች አይጥ ታድን ይባላል። እማዬ ግን ጠዋት ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ነጠላዋን እንደለበሰች ታክሲ ተሳፍራ መርካቶ ትወርድ ነበር። ሙስሊም ሥጋ ቤት ገብታ ሳንባ ትገዛለች፣ በጥቁር ፌስታል አስቋጥራ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን በር ላይ አገኘቻትና ፌስታሉን አይታ "ኧረ እትዬ! በሁዳዴ?" አለቻት። እማዬ እንኳን ልትደነግጥ፣ ቆም ብላ "እሷ አልጾመች፣ የጾምኩት እኔ ነኝ" አለቻት። ይቺን ንግግር እስከ ዛሬ በልቤ ይዣታለሁ።

ሳንባውን ለብቻው በተለየ ድስት ትቀቅለዋለች። ጨው የለውም፣ ሽንኩርት የለውም። ሲበርድ በመቀስ ትቆራርጠዋለች። ሚሊ እግሯ ሥር እየተሽከረከረች ቀሚሷን ትጎትታለች። እማዬ ቀድማ አንዷን ቁራጭ በእጇ ታጎርሳትና ነው ሳህኑን የምታስቀምጥላት።

"ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" እንላለን። እኔም እንደ ቀልድ ስለው ነው ያደግኩት። ኋላ ስለ ድመት ማንበብ ስጀምር ነገሩ የአመል ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የሚገኘው ሥጋና ዓሣ ውስጥ ነው። የሰው ሰውነት ታውሪንን ራሱ ይሠራል፣ ውሻም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የድመት ሰውነት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አይችልም። ካላገኘች ቀስ በቀስ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የዓይኑን ነገር ተመራማሪዎች የደረሱበት በ1975 ነው፣ የልቡን ደግሞ በ1987፣ ሁለቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ፋብሪካዎች የድመት ምግብ ላይ ታውሪን አጥብቀው መጨመር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ ይህን የት ታውቃለች? አላነበበችም፣ ማንም አልነገራትም። ድመቷን አይታ ነው የገባት።

ሽንኩርቱም እንደዚያው ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ደም ማነስ ያመጣባታል። የእኛ ወጥ ደግሞ ምኑ ነው? ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተረፈ ወጥ ለድመት መድፋት የደግነት መልክ ያለው ጉዳት ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም ስሰጥ ኖሬያለሁ። እማዬ ግን ሚሊ አንዴ ወጥ በልታ ስታስመልስ አየች፣ ሁለተኛ አላቀመሰቻትም።

በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ በመኖር የተመዘገበችው ድመት ክሬም ፐፍ ትባላለች። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ነው የኖረችው። ነሐሴ ላይ በ1967 ተወልዳ ነሐሴ ላይ በ2005 ሞተች፣ ይህም በፈረንጆቹ ነው። 38 ዓመት ከ3 ቀን! ቅድም ባልኳችሁ ስሌት 168 ዓመት ይመጣል። ጌታዋ ጄክ ፔሪ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከእሷ በፊትም 34 ዓመት ኖሮ የሞተ ሌላ ድመት ነበረው። ሰው ሁሉ ምን ብታበላቸው ነው ይለዋል። የሚሰጣቸው ቁርስ እንቁላል፣ ቤከን፣ ብሮኮሊ፣ ክሬም የገባበት ቡና፣ አልፎ አልፎም ጠብታ ቀይ ወይን ነበር። እባካችሁ ይህን እንዳትሞክሩ። ቡናና አልኮል ለድመት መርዝ ነው።

እኔ ግን ስለ ሰውየው ባነበብኩ ቁጥር ብሮኮሊው ላይ አልቆምም። ጋራዡን እንደ ሲኒማ ቤት አድርጎ ለድመቶቹ የዱር እንስሳት ፊልም ያሳያቸው ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ድመቶችን አሳድጓል፣ ከዚያ ሁሉ መሀል በጣም ያረጁ መገኘታቸው አይገርምም፣ እሱም አለ። ነገር ግን በየጠዋቱ ተነስቶ ለድመት ቁርስ የሚሠራ ሰው በየጠዋቱ ድመቶቹን ያያቸዋል። ዛሬ ያልበላችው የቷ ናት? ያነከሰው የቱ ነው? ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፣ አመመኝ ብላ አትጮህም። በየቀኑ የሚያያት ሰው ከሌለ፣ ታወቀ ሲባል አልቆለታል። እማዬንና ይህን የቴክሳስ ሰው አንድ የሚያደርጋቸው ይኼ ይመስለኛል።

እኛ ጋ ድመት ዕድሜ የሚያጥራት በብዙ ነገር ነው። አንዱ ቤት የአይጥ መርዝ ያስቀምጣል፣ አይጧ መርዙን በልታ ትደነዝዛለች፣ የጎረቤት ድመት አይጧን ትበላለች። መኪናው አለ፣ ውሻው አለ። በየጊዜው መውለዱም አለ። ሚሊን ሰባት ዓመቷ ላይ አስመከንናት። የእህቴ ልጅ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበር፣ እሱ ነው አጥብቆ የያዘን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም የጀመረችው ያኔ ነው።

እማዬ በ2013 ዓ.ም አረፈች።

ድንኳን ተተከለ። ቤቱ በሰው ተሞላ። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ወንበር ይገባል ይወጣል፣ ሌሊት ካርታ የሚጫወት አለ። ያን ጊዜ ሚሊ የምትባል ድመት መኖሯን ረሳሁ። እውነቴን ነው፣ ረሳኋት። ሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላ ልቀይር የእማዬ መኝታ ክፍል ገባሁ። ከአልጋው ሥር ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት አየሁ። የእማዬ የቤት ጫማ ላይ ተኝታለች። በአንደኛው ጫማ ላይ ሆዷን፣ በሁለተኛው ላይ አገጯን አድርጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ውኃ አልሰጣትም። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩላት። ሰው ፊት ያላወጣሁትን ልቅሶ እዚያ አልጋ ሥር አለቀስኩት።

ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ናት። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። 13 ዓመት ግቢ ውስጥ የኖረች ድመት ፎቅ ላይ አትለምድም ብዬ ነበር። የእማዬን ጋቢ ሳላጥብ አመጣሁላትና አነጠፍኩላት። ለመደች።

ፍሎሲ የምትባል እንግሊዛዊት ድመት አለች። በ2022 በፈረንጆቹ ጊነስ በሕይወት ካሉ ድመቶች ሁሉ አንጋፋዋ ብሎ መዘገባት፣ 27 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። ስለ እሷ ሳነብ ዕድሜዋን ትቼ ሌላው ነገሯ ያዘኝ። ግልገል ሆና ሆስፒታል አካባቢ ከሚኖሩ የጎዳና ድመቶች መሀል ነው የተገኘችው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ወሰደቻት። አሥር ዓመት አብረው ኖሩና ሴትየዋ ሞተች። እህቷ ወሰደቻት። 14 ዓመት፣ እህትየዋም ሞተች። ከዚያ የእህትየዋ ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ይዟት ማስተዳደር ሲያቅተው ለእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጣት። እዚያ ሌላ ሴት መጥታ፣ ዓይኗ በደንብ የማያይ፣ ጆሮዋ የማይሰማ የ26 ዓመት ድመት እኔ እወስዳለሁ አለች። ልብ በሉ፣ ግልገል ድመት ሁሉም ይወስዳል። አሮጊቷን የወሰደችው ይቺ ሴት ናት።

ያን ያነበብኩ ቀን ሚሊን ዞሬ አየኋት። እሷም በእጅ ተቀባብለናት ነው እዚህ የደረሰችው።

አሁን ደክማለች። ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ኩላሊቷ ነው። ያረጁ ድመቶችን በብዛት የሚይዛቸው እሱ ነው። ጀርባዋን ስዳስስ አጥንቷ እጄ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥፍሯ እንደ ድሮው ወደ ውስጥ አይገባላትም፣ ስትራመድ ሴራሚኩ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። መስኮቱ ላይ መዝለል ስላቃታት ሥሩ ዱካ አስቀምጬላታለሁ። መጀመሪያ ዱካው ላይ፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ። ፀሐይ ትሞቃለች።

ባለፈው ክረምት ማነከስ ጀመረች። አንዲት ጎረቤቴ አዝናላት "ግማሽ ፓራሲታሞል ስጫት፣ ለሰው የሆነ ለድመት ምን ያደርጋታል?" አለችኝ። አምና ነው ያለችው፣ እኔም አመንኩ። ክኒኑን በቢላዋ ለሁለት ከፍዬ ሥጋ ውስጥ ደበቅኩት። በዚያው ቅጽበት የእህቴ ልጅ በሌላ ጉዳይ ደወለ፣ ስናወራ ነገርኩት። "አክስቴ ጣይው! አሁኑኑ ጣይው!" ብሎ ጮኸ። ለካ የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። አንዲት ክኒን፣ ከዚያ ያነሰም፣ ትገድላታለች። ሥጋውን ሽንት ቤት ደፍቼ ውኃ ለቀቅኩበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ድመት ያላችሁ ሁሉ፣ ከዛሬው ወሬዬ ይቺን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትጮኻለች። በሩ ጋ ቆማ፣ ረጅም፣ ሰው የሚጠራ የሚመስል ጩኸት። ሐኪሙ እርጅና ነው፣ ግራ ይገባቸዋል አለኝ። እኔ ተነስቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እጄ ሲነካት ዝም ትላለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት የፍሎሲ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ሲል አንድ ወረቀት ጻፍኩ። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ለጠፍኩት። የጻፍኩት ለእህቴ ነው፣ በካርቶን ታቅፋ ላመጣቻት። እኔ የሆነ ነገር ብሆን ብዬ ነው። ላንብብላችሁ።

"ሳንባውን ለብቻው ቀቅዪው። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። ሲበርድ በመቀስ ቆራርጪው፣ ጥርስ የላትም። ውኃዋን በሰፊ ሳህን፣ ጠዋትና ማታ ቀይሪ። ዱካውን ከመስኮቱ ሥር እንዳታነሺ። የሰው መድኃኒት በጭራሽ። ጋቢውን በሙቅ ውኃ እንዳታጥቢው። ሌሊት ስትጮህ መብራት አታብሪ፣ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ በእጅሽ አጉርሻት።"