«ቬሩካ» የሚለው ስም ምን ይነግረናል?

ክቡራን መምህራን፣ የተወደዳችሁ የሕክምና ተማሪዎች፦

በቆዳ ሕክምና ክፍል ደጋግማችሁ ስለምትጽፉት «ቬሩካ» ስለሚባለው ስም እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሕዝባችን ኪንታሮት የሚለው በቆዳ ላይ የሚወጣ ሻካራ እብጠት በሕክምና መዝገብ የሚታወቀው በዚህ የላቲን ቃል ነው። ቃሉ በጥንታዊት ሮም ለቆዳ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ አንድ ጦርነት ሲተርክ፣ ወታደሮች እንዲይዙት የታዘዙትን ወጣ ገባ ኮረብታ ቬሩካ ብሎታል። ከቆዳ ገጽ ከፍ ብሎ የሚታየውንም በዚያው ስም ጠሩት። ዛሬ የምንጨምራቸው ቅጽሎችም ላቲን ናቸው፤ ቩልጋሪስ የተለመደውን፣ ፕላና ጠፍጣፋውን፣ ፕላንታሪስ የውስጥ እግሩን ያመለክታሉ። ይህ የመጨረሻው ግን የሰውነት ክብደት ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ከፍታው እምብዛም አይታይም።

ስሙ መልክን እንጂ መንሥኤን አይናገርም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በፔሩ ቬሩጋ የሚባል፣ ስሙን ከዚሁ ቃል የወረሰ በሽታ አለ። በ1885 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ካሪዮን የተባለ እንደ እናንተ ያለ የሕክምና ተማሪ፣ ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት የተወሰደውን ደም በራሱ ክንድ ላይ አስከተበ፤ የኦሮያ ትኩሳት የሚባል፣ ከቬሩጋ የተለየ ይመስል የነበረ ሕመም ይዞትም ሞተ። በሕይወቱ ዋጋ የሁለቱ ሕመሞች ምንጭ አንድ መሆኑን አሳየ፤ ያ ምንጭ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ከእርሱ በኋላ ነው። የተለመደው ኪንታሮት ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ሐኪም ቹፎ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ የተጣራ የኪንታሮት ፈሳሽ ኪንታሮት እንደሚያስከትል አረጋገጠ። ዛሬ ይህን ቫይረስ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ እንለዋለን።

የእኛው «ኪንታሮት» ደግሞ ከላቲኑም ይበልጥ ሰፊ ነው፤ በእጅ ላይ የሚወጣውንም፣ በፊንጢጣ አካባቢ ያበጡትን የደም ሥሮችም ይጠራል። የመጀመሪያው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሁለተኛው አይተላለፍም። በተጨማሪም በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ በቫይረሱ ምክንያት የሚወጣ ኪንታሮት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት የቫይረሱ 6ኛና 11ኛ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ የማኅፀን በር ካንሰርን በብዛት ከሚያስከትሉት ከ16ኛውና ከ18ኛው ይለያሉ። ሕመምተኛው አፍሮ «ኪንታሮት አለብኝ» ብቻ ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ቦታውን በአክብሮት ጠይቁት፤ መርምሩት፤ በካርዱ ላይ ቬሩካ ብላችሁ ከጻፋችሁም ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚተላለፍ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።