ለጅብ ወይስ ለሰርግ? ያረጀ ካሜራ ስለመቀየር

እሷ፦ እየቀዳ ነው። ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ፣ ከዚያችው ከለመዳችኋት ክፍል ነን። ቬንትሌተሩ ድምፅ እንዳያበላሽ አጥፍተነዋል፣ እያላበን ነው የምናወራው። የዛሬው ርዕስ የዚህ ልጅ ካሜራ ነው።

እሱ፦ አቦ፣ የኔ ብቻ አታድርጊው! በካነን 700ዲ ሰርግ የሚሠራ እዚህ ከተማ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

እሷ፦ እሺ፣ ምን ሆነብህ?

እሱ፦ ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ወጣሁ፣ ማታ ጅብ ሲበላ ላነሳ። ሰውየው በየስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሥጋውን እንጨት ጫፍ ላይ አድርጎ ያጎርሳቸዋል። መብራት ብትይ የአንድ ባጃጅ የፊት መብራት ብቻ። ሁለት መቶ ፎቶ አንስቼ ሦስት የረባ አጣሁ። ጅቡ ጭስ ነው የሚመስለው። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ ፉል ፍሬም እገዛለሁ፣ ያንን ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነውን ካሜራ።

እሷ፦ በምን ሌንስ አነሳኸው?

እሱ፦ አብሮት በመጣው። 18-55 ሚሊ ሜትር ዙሙ።

እሷ፦ ጠርጥሬ ነበር! እሱን 55 ድረስ ስትስበው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትልህም፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ሌንሱ የሚሰፋውና ብርሃን የሚበዛው። ያቺ ትንሿ 50 ሚሊ ሜትር እስከ 1.8 ትከፈታለች። ስልክህን አውጣና አስላ፤ 5.6ን ለ1.8 አካፍል፣ የመጣውን በራሱ አባዛ፤ ብርሃኑ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሃል።

እሱ፦ ቆይ... 9.6 ምናምን።

እሷ፦ አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በ1/20 ሰከንድ ታነሳ የነበረውን ወደ 1/200 ልታስጠጋው ትችላለህ። ጅቡ ራሱን ቢያወዛውዝም ቀጥ ይልልሃል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ካንተው ሴንሰር 2.5 እጥፍ ግድም ነው፤ በእኩል ኤፍ ቁጥር የሚያተርፍልህም ያንኑ ያህል ነው። ኖይዙ፣ ያ በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታየው ብናኝ፣ ይቀንሳል፣ አልክድም። ግን አሥር የት፣ ሁለት ተኩል የት! ደግሞ 18-55ህ ፉል ፍሬሙ ላይ አይገባም። ኢኤፍ-ኤስ ነው፣ ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ።

እሱ፦ እንዴ፣ እና ቦዲውን፣ ማለት ካሜራውን ብቻ፣ ገዝቼ ሌንስም ልገዛ ነው?

እሷ፦ እሱን ነው እኮ የምልህ።

እሱ፦ ቆይ፣ እኔም መልስ አለኝ። 50ን ከአንድ ልጅ ተውሼ በቀን ሞክሬያታለሁ፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር። ልብስ ሰፊውን ከነሲንጀሩ ላስገባ ወደ ኋላ ስል ስል ጀርባዬ ግድግዳ መታ። እኔ ካሜራ ላይ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 አጥብቦ ነው የሚያየው። ፉል ፍሬም ላይ ግን 50ው 50 ነው።

እሷ፦ እውነት ነው፣ ለጀጎል ይጠባል።

እሱ፦ ገና አልጨረስኩም። የቅዳሜው ችግሬ መደብዘዙ ብቻ አይደለም፤ ፎከሱ አልይዝ አለኝ። ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ጅቡ ሥጋውን ይዞ ይሄዳል። የ700ዲ ፎከስ የሚሠራው እስከ ኔጌቲቭ 0.5 ኢቪ ብርሃን ነው፤ ኢቪ የብርሃን መለኪያ ነው፣ አንድ በወረደ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። የምመኘው ፉል ፍሬም፣ የካነን 6ዲ፣ መካከለኛዋ የፎከስ ነጥብ ግን እስከ ኔጌቲቭ 3 ትወርዳለች፣ የጨረቃ ብርሃን ማለት ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ የደከመ ብርሃን ላይ ትይዛለች።

እሷ፦ እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ፎከስ በጨለማ እምቢ ካለ ሌንስ መቀየሩ ትንሽ ቢያግዝም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም፤ የቦዲው ጉዳይ ነው። ግን እንጀራህ ጅብ ነው ሰርግ?

እሱ፦ ሰርግ ነው እንጂ! ጅብ ማን ይከፍልበታል?

እሷ፦ እንግዲያው የኔን ስማ። አንድ ኒካህ ላይ ሜሞሪ ካርዴ በመሀል ሞተ። ያንን ሰዓት ማን ይመልሰዋል? የሙሽራዋ እናት እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ትገላምጠኛለች፣ ወላሂ። ከዚያ ወዲህ አንድ የካርድ ቦታ ባለው ካሜራ ሰርግ አልሠራም። 700ዲ አንድ ነው። የምትመኘው 6ዲም አንድ ነው! ሌላኛው የካነን ፉል ፍሬም፣ 5ዲ ማርክ 3፣ ግን ሁለት አለው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ቅጂ ይይዛል። ፎከሱ እስከ ኔጌቲቭ 2 ነው፣ ግን የፎከስ ነጥቦቹ 61 ናቸው። የ6ዲ 11 ብቻ ነው።

እሱ፦ ለጅብ 6ዲ፣ ለሰርግ 5ዲ በይኛ።

እሷ፦ በለው! ሁለቱም እንደ ፈረንጆቹ 2012 የወጡ ናቸው፤ ያገለገለ ነው የምትገዛው።

እሱ፦ ሚረርለስስ? ያ ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት?

እሷ፦ ገንዘብ ካለህ የካነኑ ጥሩ ነው፤ ያለህ የካነን ሌንስም በአዳፕተር ይሠራል። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። እዚያ አንግባ።

እሱ፦ አንድ ልጅ 5ዲ ማርክ 3 አለኝ ብሎኝ ነገ ባቡር ጣቢያው ጋ ቀጥሮኛል። ምን ልይ?

እሷ፦ መጀመሪያ ሻተሩ፣ ማለት ፎቶ ስታነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቅ። መኪና ስትገዛ ኪሎ ሜትሩን አታይም? እንደዚያ ነው። ፋብሪካው ለ150,000 ነው የሠራው። 5ዲ ማርክ 3 ላይ ቁጥሩን ሜኑ ውስጥ ብትፈልግ አታገኘውም፤ በኮምፒውተር በፕሮግራም ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ላፕቶፕና ገመድ ያዝ። ቀጥሎ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሰማዩን አንሳ። ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታይሃል። የድሬ ሰማይ ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ ደመና የለ ምን የለ።

እሱ፦ አቧራውም የድሬ ነው እኮ!

እሷ፦ አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ነው የሚያስፈራው። ሁለቱንም የካርድ ቦታ በየተራ ሞክር፤ አንዱ ሲኤፍ ሌላው ኤስዲ ነው፣ ሲኤፍ ካርድ ከሌለህ ከኔ ውሰድ።

እሱ፦ 50ሽንም ጨምሪልኝ አቦ። 18-55ቴ እንደማይገባ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፤ በምን ልፈትነው?

እሷ፦ ሌንሴንማ ብቻውን አልሰጥህም፣ አብሬህ እመጣለሁ። በስንት ሰዓት ነው የቀጠረህ?

እሱ፦ በአሥር።

እሷ፦ አሥር ተኩል በለው፣ ትንሽ ይብረድ።