ከመቅበራችሁ በፊት ጠይቁን

(በአዲሱ የውሃ መስመር ርክክብ ላይ በሰፈሩ ነዋሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ ኃላፊዎችና መሐንዲሶች፣ የተቋራጩ ተወካዮች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «የምስጋና ንግግር» ተብሎ ተጽፏል። ምስጋናውን አልነፍግም። አምና ይሄኔ ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት እየመጣ፣ ባልዲ ደርድረን ጆሯችንን አቁመን የምናድር ሰዎች ነበርን። አሁን ቀን ከፍተን ቀን እንቀዳለን። 1 ባር ግፊት ውሃን 10 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል፤ የድሮው መስመር ግን ሦስተኛ ፎቅ የሚደርስ ጉልበት አልነበረውም። ዛሬ እዚያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ መውጣት ትተዋል። በዝናብ ቦይ ውስጥ ቆማችሁ ያን ጥቁር ቱቦ ለገጣጠማችሁ ልጆች ሁሉ፣ ክፉ አይንካችሁ።

ምስጋናው ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ቁራጭ ከኋላ ላላችሁት ላይታይ ይችላል። የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ነው። የወጣው ከታችኛው መታጠፊያ ካሉት እትዬ ደጃፍ ሥር ነው፤ ፈቅደውልኝ ነው የያዝኩት። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። በአፉ በኩል ግን ወደ ውስጥ ተመልከቱት። ዝገቱ እንደ ኩይሳ ተቆልሎ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ አያስገባም፤ ትናንት ማታ ሞክሬዋለሁ። የቧንቧ ውስጥ ወርድ በግማሽ ሲጠብ ውሃው የሚያልፍበት ስፋት ሩብ ብቻ ይቀራል። ይሄ ደግሞ ከግማሽም በታች ነው። መንገዱ ላይ የቀበራችሁት ቱቦ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ወደ ቤታችን የሚገባው ውሃ የሚያልፈው በዚህች ነው።

ውሃው የተለቀቀበትን ሌሊት የረሳ እዚህ አለ? አይመስለኝም።

መጀመሪያ ቧንቧው ማሳል ጀመረ። አየር ነው፤ ባዶውን የከረመ መስመር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል፣ መውጫ ካልተበጀለት በየቤታችን ይወጣል። ወጥቼ ቆጣሪዬን በስልኬ መብራት ሳየው ጠብታ ሳይወርድ ይሽከረከራል። (ያን ወር ለነፋስ ነው የከፈልኩት፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።) ቀጥሎ ውሃው መጣ፣ ቀዩ። ግፊቱ ሲጠነክር ዘመን ሙሉ ግድግዳው ላይ የተኛውን ዝገት ፍቆ ነው የሚያመጣው። ጎረቤቴ የልጆቿን ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ዘፍዝፋ ተኝታ ኖሮ፣ ጠዋት ሸሚዙን ይዛ በሬ ላይ ስትቆም ሳቅም ለቅሶም ቀረባት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ጧ!» አለ። እትዬ ደጃፍ። አዲሱን ግፊት ያልቻለው አሮጌ ቧንቧ መሬት ሥር ፈነዳ። ውሃው ድንጋዩን ገልብጦ በር ሥር ገባ፤ ፍራሹን ስናወጣ ጎርፉ ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር። ቫልቩን ዝጉ! ቫልቩ የት ነው? ማንም አያውቅም። ተረኛው ጋ ደወልን።

«ቫልቩ ፕላኑ ላይ አለ» አለን።

«ፕላኑስ የት ነው?»

«ቢሮ ነው።»

«ቢሮውስ?»

«ጠዋት ይከፈታል።»

ሳቁ፣ ግድ የለም። ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም።

በዚህ መሀል ጋሼ መጡ። አሁን ፊት ወንበር ላይ ያሉት ጋሼ። በሌሊት ልብሳቸው፣ ካፖርት ደርበው፣ በምርኩዛቸው እየተመሩ። ከመብራት ምሰሶው ተነሥተው ወደ አጥሩ አምስት እርምጃ ቆጠሩና ምርኩዛቸውን አስፋልቱ ላይ ተከሉት። «እዚህ ጋ ቆፍሩ።» አስፋልት ላይ! አዲስ የለበሰ አስፋልት! አመነታን፤ እሳቸው አላመነቱም። በዶማና በመሮ ሰበርነው። አንድ ስንዝር ሳንወርድ ብረቱ «ቂው» አለ። የቫልቩ ክዳን ነበር፣ አስፋልት ለብሶ የተቀበረ። ስንዘጋው ወፍ መንጫጨት ጀምሯል።

እንዴት አወቁ? ቁፋሮው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በራቸው ላይ ቆመው ሲመለከቱ ከረሙ። ክዳኑ ሲለብስ አይተው «ልጆቼ፣ ይሄን እኮ ደፈናችሁት» ብለው ነበር። የተሰጣቸው መልስ «አባባ፣ ዞር ይበሉ፣ መኪና እንዳይገጭዎት» ነው።

«ለቀባሪው አረዱት» ይባላል። እኛ ሰፈር ተረቱ ተገለበጠ፤ ቀባሪው ራሱ የት እንደቀበረ አያውቅም፣ የሚያውቁትን ሰው ደግሞ ዞር በሉ አለ! ስንት ወር ስትቆፍሩ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በር አንኳኩታችሁ «ቧንቧችሁ ስንት ዓመቱ ነው? የት ጋ ነው በየክረምቱ የሚያፈሰው?» ብትሉን ምን ይጎድልባችሁ ነበር? የእትዬን ቧንቧ አሮጌነት ለመንገር መሐንዲስ አያሻም፤ በየዓመቱ በጨርቅና በሽቦ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው!

በር ማንኳኳት እንደ ውለታ እንዳይታይብኝ። ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሕዝብ ሲፈጅ አዋቂ የተባለው ሁሉ ከመጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን በሞቱት ሰዎች ቤት እየዞረ ውሃ ከየት እንደቀዱ ጠየቀ። መልሱ ወደ አንድ የብሮድ ስትሪት ፓምፕ መራው፣ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ትልቁ መሣሪያው ጥያቄ ነበር።

ያለመስማቱንም ዋጋ ዓለም አይቶታል። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ቀየረች፤ ውሃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ነገር ሳይጨመር ቀረ። ነዋሪው ቡናማውን ውሃ በጠርሙስ ይዞ ስብሰባ ላይ አሳየ። ደህና ነው፣ ጠጡ ተባለ። በ2015 ሞና ሃና-አቲሻ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በልጆች ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን አሳዩ። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ የልጅ አእምሮ የሚጎዳውን ብረት ነው። አብዛኛው እርሳስ የወጣው ደግሞ ከዋናው መስመር ወደ ቤት ከሚገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ሆነ አላልኩም። ግን ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሰው አትመልሱት።

እኛ ጠርሙስ ይዘን ስንመጣ የተሰጠን መልስ ምን ነበር? «ከቆጣሪ ወዲያ የእናንተ ነው።» ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ደንብ ነው አልከራከርም። ግፊቱን የጨመረው ግን ማን ነው? እኛ ነን? ቧንቧው የእኛ ከሆነ፣ ግፊት ልትጨምሩበት ስትሉ ለባለቤቱ መንገር አይገባም ነበር? ሦስት ቀን አስቀድማችሁ በየበሩ አንድ ወረቀት ብትለጥፉ እትዬ ዋናውን ይዘጉት ነበር፣ ጎረቤቴም ሸሚዙን አትዘፈዝፍም ነበር!

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ የቀረውን ላሩጠው። አዲስ መስመር ሲከፈት ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ጫፍ ላይ ይፈሰስልን። ክሎሪኑ የቤታችን ቧንቧ ጋ ይለካ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም መድረስ አለበት ይላል፣ የማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ የተለካው እኛ ጋ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አይነግረንም። የተቆፈረው የእግረኛ መንገድም ይጠገን፤ ሁለት ሰው ወድቆበታል። የአሮጌ ቧንቧ ቅያሪው ወጪ በየወሩ ከሂሳቡ ጋር ተከፋፍሎ የሚከፈልበትን መንገድ አስቡልን፣ አቅም የሌለው አለ።

የቀጣዩ ቁፋሮ ወደ ላይኛው ሰፈር መሆኑን ሰምተናል። እዚያም ጋሼን የመሰለ ሰው አይጠፋም፤ ፈልጉት።

የፕላኑ ኮፒ ዛሬ ከእጃችን ሳይገባ ርክክቡ ላይ አንፈርምም፤ ይህን ኮሚቴው ተስማምቶበታል። ኃላፊዎቹም ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡን። ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘዋል፤ ቫልቮቹ ያሉበትን አንድ በአንድ ያሳይዋችኋል፣ እኛም በቀለም ምልክት እናደርጋለን። ቀለሙንና ብሩሹን በር ላይ አስቀምጫለሁ።